ፖስትፊክስአድሚንን ሊኑክስ ላይ መጫን፦ ከባዶ ማሽን እስከ መጀመሪያው ሜይል

ኮምቦልቻ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ከደረቅ ወደቡ ዕቃ የሚያወጣ ወይም ለፋብሪካዎች ግብዓት የሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት ሜይል ሲያስፈልገው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ነጻው ጂሜይል ነው። አይፈረድበትም። ጣጣው የሚመጣው ሒሳብ ሠራተኛዋ ሥራ ስትለቅ ነው። የጨረታ ሰነዱም፣ ከትራንዚተሩ ጋር የተጻጻፈችውም፣ ደረሰኙም በግል አድራሻዋ ስለሆነ አብሯት ይሄዳል።

በራስ ዶሜይን የሚሠራ ሜይል ሰርቨር ማቆም ያን ያህል ከባድ አይደለም። አድካሚው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲስ ሰው በተቀጠረ ወይም ፓስወርድ በተረሳ ቁጥር ደሴ ላለው «የኮምፒውተር ልጅ» ይደወላል። እሱም ወይ በሐረጎ ተራራ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወይ ከሰርቨሩ ጋር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ትእዛዝ በሚሰጥበት መንገድ) ተገናኝቶ የዳታቤዝ ትእዛዝ ይጽፋል። ፖስትፊክስአድሚን ይህን ምልልስ ያስቀራል። ጸሐፊዋ ብራውዘር ከፍታ አድራሻውን ራሷ ትፈጥራለች፣ ፓስወርዱን ራሷ ትቀይራለች።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ፖስትፊክስአድሚን ሜይል አይልክም፣ አይቀበልም። እሱ መዝገብ ጸሐፊ ነው። ዶሜይኑንና አድራሻዎቹን ዳታቤዝ ውስጥ ይጽፋል፣ በቃ። ሜይሉን የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ ነው። ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጠውና ለስልክ ወይም ለኮምፒውተር የሚያሳየው ደግሞ ዶቭኮት ነው። ሁለቱም መዝገቡን ያነባሉ። «ጭኜው ነበር፣ ሜይል ግን አይገባም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጣበቀው በንባቡ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ርክክብ እየፈተንን ነው የምንሄደው። አንዱ ሳይመልስ ወደ ቀጣዩ አንሻገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አጻጻፉ። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ የሚተየቡት ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ኮምቦልቻ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ያለ ኮምፒውተር ለመለማመጃ ይበቃል። ለእውነተኛ ሥራ ግን አልመክረውም። ምክንያቱ መብራት ብቻ አይደለም። እንዲያውም የመብራቱ ነገር ከሚታሰበው የቀለለ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ሲጠፋ ላኪው ሜይሉን ወረፋ ላይ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ ራሱ ካልተነካ በስተቀር እስከ 5 ቀን ይሞክራል። የግማሽ ቀን መጥፋት ሜይል አያጠፋም፣ ያዘገያል እንጂ።

ዋናው ችግር አይፒው፣ ማለትም የማሽኑ የኢንተርኔት ቁጥር ነው። የቢሮ ኢንተርኔት አይፒ ሊቀያየር ይችላል፣ ሰርቨሮች ሜይል የሚለዋወጡበት ፖርት 25 ሊዘጋ ይችላል፣ የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ (ፒቲአር፣ ከአይፒው ወደ ስሙ የሚመራ መዝገብ) ማስመዝገብም ቀላል አይደለም። እነዚህ ሳይሟሉ የላካችሁት ወይ ጭራሽ አይደርስም፣ ወይ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቋሚ አይፒ ያለው ኪራይ ሰርቨር ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ወደ ውጭ የሚሄደው ፖርት 25 ክፍት ነው ወይ?» እና «ፒቲአር መዝገብ ማስገባት እችላለሁ ወይ?» አንዱን እንኳ «አይ» ካለ ሌላ ፈልጉ። 2 ጊጋባይት ራም ለትንሽ ቢሮ ይበቃል።

ሲስተሙ ዴቢያን 12 ወይም ኡቡንቱ 24.04 ይሁን። ዴቢያን 13 ላይ ያለው ዶቭኮት 2.4 ሲሆን የኮንፊግ አጻጻፉ ተቀይሯል። እዚህ የማሳየው ለ2.3 ነው።

ዲኤንኤስ

ዲኤንኤስ የዶሜይን ስሞችን ከአይፒ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ነው። ዶሜይናችሁ ኤግዛምፕል ዶት ኮም ነው እንበል። «ሜይል ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም» የሚል የኤ መዝገብ ወደ ሰርቨሩ አይፒ አመልክቱ። የዶሜይኑን ኤምኤክስ፣ ማለትም ሜይሉ የት እንደሚደርስ የሚናገረውን መዝገብ፣ ወደዚሁ ስም አዙሩ። አይፒው ሲጠየቅ ይኸው ስም እንዲመልስ ፒቲአሩን አስገቡ። የሰርቨሩ ሆስትኔምም ይኸው ይሁን። አራቱም አንድ ስም ሲናገሩ ግማሹ ራስ ምታት ይቀራል።

ፓኬጆቹን መጫን

በመጀመሪያ «አፕት አፕዴት»። ከዚያ በ«አፕት ኢንስቶል» እነዚህን አስከትሉ፦ ማሪያዲቢ-ሰርቨር፣ አፓቼ2፣ ፒኤችፒ፣ ሊብአፓቼ2-ሞድ-ፒኤችፒ፣ ፒኤችፒ-ማይኤስኪውኤል፣ ፒኤችፒ-ኤምቢስትሪንግ፣ ፖስትፊክስ፣ ፖስትፊክስ-ማይኤስኪውኤል፣ ዶቭኮት-አይማፕዲ፣ ዶቭኮት-ኤልኤምቲፒዲ፣ ዶቭኮት-ማይኤስኪውኤል።

መሀል ላይ ፖስትፊክስ ሰማያዊ መስኮት ከፍቶ ይጠይቃል። «ኢንተርኔት ሳይት» የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ ለሚመጣው የስም ጥያቄ ብዙ ሰው ዶሜይኑን ይጽፋል። አትጻፉት። ሙሉውን ስም፣ ማለትም ሜይል ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም የሚለውን ስጡት። እዚህ የምትጽፉት ስም «ማይዴስቲኔሽን» የሚባለው መስመር ውስጥ ይገባል። ዶሜይናችሁ እዚያ ከገባ ፖስትፊክስ አድራሻዎቹን ከዳታቤዙ ሳይሆን ከሊኑክሱ ተጠቃሚዎች መሀል ይፈልጋል። በኋላ ዶሜይኑን ዳታቤዝ ውስጥም ሲያገኘው «በሁለቱም ቦታ አታስፍር» እያለ ሎጉን ይሞላዋል።

ዳታቤዝ

«ማሪያዲቢ» ብላችሁ ግቡና ፖስትፊክስአድሚን የሚባል ዳታቤዝ ፍጠሩ። ሁለት ተጠቃሚ ያስፈልጋል። አንዱ ለዌብ ገጹ ነው፤ ከሎካልሆስት (ከራሱ ማሽን) ይገባል፣ በዳታቤዙ ላይ ሙሉ መብት አለው። ሁለተኛው ለፖስትፊክስና ለዶቭኮት ነው፤ ከ127.0.0.1 (ይህም ራሱ ማሽኑ ነው) ይገባል፣ ያለው መብት ሴሌክት ብቻ ነው፣ ያነባል እንጂ አይጽፍም። አንድ ተጠቃሚ ለሁሉም የሚሉ መመሪያዎች አሉ። ይሠራል፣ ግን ለአንባቢ ብዕር ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው ለምን 127.0.0.1 እንደሆነ ፖስትፊክስ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ፖስትፊክስአድሚኑ ራሱ

የ3.3 ተከታታዩን የመጨረሻ እትም ከፕሮጀክቱ የጊትሃብ ገጽ አውርዱና «ኤስአርቪ» ማውጫ ውስጥ ፍቱት። የተፈታውን ረጅም ስም ፖስትፊክስአድሚን ብላችሁ ቀይሩት። ውስጡ ገብታችሁ «ቴምፕሌትስ_ሲ» የሚባል ማውጫ ፍጠሩ፣ ባለቤቱን በ«ቾውን» ዳብሊው-ዳብሊው-ዳብሊው-ዳታ አድርጉት። ዌብ ሰርቨሩ አፓቼ የሚሠራው በዚሁ ስም ነው፣ መጻፍ ያለበትም እዚህች ብቻ ነው። ሙሉውን ማውጫ 777 (ማንም የሚጽፍበት) አድርጉ የሚላችሁን አትስሙ።

አሁን የአፓቼ ሳይት ፋይል ጻፉ። ሰርቨርኔም ሜይል ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም ይሁን። ዶክዩመንትሩት ደግሞ /ኤስአርቪ/ፖስትፊክስአድሚን/ፐብሊክ። «ፐብሊክ» የምትለዋ እንዳትቀር። የዳታቤዙ ፓስወርድ ያለበት ፋይል ከእሷ አንድ ደረጃ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከብራውዘርም የሚደርስበት የለም። እዚያው ፋይል ውስጥ ለዚህ ማውጫ «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» የሚል የዳይሬክተሪ ክፍል ጨምሩ። አፓቼ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኤስአርቪን ዝግ አድርጎ ነው የሚመጣው፣ ካልጨመራችሁ 403 ይመልስላችኋል።

ሳይቱን በ«ኤ2ኤንሳይት» አብሩ፣ አፓቼን ሪሎድ አድርጉ። ወዲያው ሰርትቦትን ጭናችሁ የሌትስ ኤንክሪፕትን ሰርተፊኬት አውጡ። በነጻ ነው፣ 90 ቀን ያገለግላል፣ ሰርትቦት ራሱ ያድሰዋል። ይህን ወደ መጨረሻ አታስተላልፉት። ቀጥሎ የምንጽፈው ፓስወርድ ሳይመሰጠር በኔትወርክ እንዲያልፍ አንፈልግም።

ኮንፊግ

«ኮንፊግ ዶት ኢንክ ዶት ፒኤችፒ» የሚል ረጅም ፋይል ታያላችሁ። አንብቡት፣ ግን አትንኩት። እትም ስታሻሽሉ ይተካል። የራሳችሁን «ኮንፊግ ዶት ሎካል ዶት ፒኤችፒ» በሚል ስም አጠገቡ ፍጠሩ። የፒኤችፒ መክፈቻውን ጽፋችሁ እነዚህን ብቻ አስገቡ፦ ኮንፊገርድ ትሩ፤ የዳታቤዝ ዓይነት ማይኤስኪውኤልአይ፤ ሆስት ሎካልሆስት፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ስም፣ ፓስወርዱና የዳታቤዙ ስም። ፋይሉን አፓቼ ማንበብ እንዲችል፣ ሌላው ተጠቃሚ ግን እንዳይችል ቡድኑን ዳብሊው-ዳብሊው-ዳብሊው-ዳታ፣ ፈቃዱን 640 አድርጉት።

ሁለት መስመር ልጨምር።

አንደኛው ፓስወርዶቹ የሚመሰጠሩበትን መንገድ የሚወስነው «ኢንክሪፕት» ነው። በራሱ ኤምዲ5ክሪፕት ነው፣ ዛሬ ደካማ ነው። «ፒኤችፒ_ክሪፕት፡ኤስኤችኤ512» በሉት። «ዶቭኮት፡» ብሎ የሚጀምረውን አማራጭ የሚመርጡ አሉ። ያኛው ዌብ ገጹ ዶቭአድም የሚባለውን ትእዛዝ እንዲጠራ ያደርገዋል፣ ከዚያ የሶኬት (ፕሮግራሞች በአንድ ማሽን ውስጥ የሚነጋገሩበት ልዩ ፋይል) ፈቃድ ጣጣ ይመጣል። ይቅርባችሁ።

ሁለተኛው «ዲፎልት_ኤሊያስስ» ነው። ኤሊያስ የመጣለትን ሜይል ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ አድራሻ ነው። ፖስትፊክስአድሚን አዲስ ዶሜይን ሲፈጥር አቢዩዝ፣ ሆስትማስተር፣ ፖስትማስተርና ዌብማስተር የሚሉ አራት አድራሻዎች አብሮ ይፈጥራል። የሚያስተላልፉት ወዴት መሰላችሁ? «ይህን ወደ ዶሜይንህ ቀይር» የሚል የማስመሰያ አድራሻ ላይ! ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ሌሎች ሰርቨሮች ስለ እናንተ የሚያቀርቡት አቤቱታ የሚመጣው በእነዚህ አድራሻዎች ነው። የመጀመሪያውን ዶሜይን ከመፍጠራችሁ በፊት አራቱንም ወደ እውነተኛ አድራሻ አዙሩ።

ሴትአፕ ገጹ

ብራውዘር ላይ ሜይል ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም ብላችሁ «/ሴትአፕ ዶት ፒኤችፒ» ጨምሩ። የሴትአፕ ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ይጠይቃችኋል። ይህ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አይደለም፣ የዚህች ገጽ ቁልፍ ብቻ ነው። ሲገባለት «ሴትአፕ_ፓስወርድ» የሚል ረጅም መስመር ያወጣል። እንዳለ ገልብጡና ኮንፊግ ዶት ሎካል ውስጥ ለጥፉት። በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ እንደተከበበ ይቆይ። ሐሹ (የተመሰጠረው ፓስወርድ) ውስጥ የዶላር ምልክት አለ። በድርብ ከቀየራችሁት ፒኤችፒ ከምልክቱ በኋላ ያለውን እንደ ቫሪያብል ሊያነበው ይችላል፣ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፋችሁ «ተሳስቷል» ይላችኋል።

ገጹን አድሱና በዚያው ፓስወርድ ግቡ። ምርመራ ያደርጋል፣ ሰንጠረዦቹን ዳታቤዝ ውስጥ ይፈጥራል። ስለ አይማፕ ሞጁል ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ አብሽሩ፣ ያለሱም ይሠራል። ቀይ ሆኖ ስለ ዳታቤዝ ወይም ስለ ቴምፕሌትስ_ሲ የሚናገር ከሆነ ግን ቆማችሁ አስተካክሉ።

ከታች ሱፐርአድሚን ፍጠሩ። ስሙ የኢሜይል አድራሻ መሆን አለበት። ፓስወርዱ ቢያንስ 5 ሆሄ፣ 3 ፊደልና 2 ቁጥር ካልያዘ አይቀበልም። ይህ ዝቅተኛው ነው፣ እናንተ ረዘም አድርጉት።

ከዚያ ሴትአፕ ገጿን ዝጉ። በአፓቼው ፋይል ውስጥ ለዚህች ፋይል ብቻ «ሪኳየር ኦል ዲናይድ» የሚል የፋይልስ ክፍል ጨምሩ። እትም ስታሻሽሉ ለጊዜው ትከፍቱታላችሁ።

አሁን በሱፐርአድሚኑ ግቡና ዶሜይኑን ፍጠሩ። የሣጥንና የኤሊያስ ብዛት ሲጠይቃችሁ 0 ማለት ያለ ገደብ ነው፣ -1 ማለት ክልክል ነው። ብዙዎች ይህን ያምታቱታል። ቀጥላችሁ አንድ የሙከራ ሣጥን ክፈቱ፤ «ሙከራ» የሚል ቃል በላቲን ይበቃል። የሰላምታ ሜይል ላክ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ገና የሚቀበለው የለም።

ፖስትፊክስ መዝገቡን ያንብብ

«/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ኤስኪውኤል» የሚል ማውጫ ፍጠሩና ሦስት ትንንሽ ፋይሎች ጻፉበት፦ ለዶሜይን፣ ለሣጥን፣ ለኤሊያስ። በእያንዳንዳቸው አምስት መስመር አለ፦ ዩዘር፣ ፓስወርድ፣ ሆስትስ፣ ዲቢኔም፣ ኬሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ)። ዩዘሩ ሁለተኛው፣ ማንበብ ብቻ የሚችለው ነው።

የሚለያዩት በኬሪው ነው። የዶሜይኑ «ከዶሜይን ሰንጠረዥ ውስጥ ዶሜይኑ ከተጠየቀው ስም ጋር እኩል የሆነውን፣ አክቲቭም 1 የሆነውን ስጠኝ» ይላል። የሣጥኑ ከሜይልቦክስ ሰንጠረዥ በዩዘርኔም ፈልጎ የሜይልዲር ዓምድን ያወጣል። የኤሊያሱ ከኤሊያስ ሰንጠረዥ በአድራሻ ፈልጎ የጎቱ ዓምድን ያወጣል። በተጠየቀው ስም ቦታ፣ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ፣ የፐርሰንት ምልክትና ትንሿ ኤስ ይገባሉ። ፋይሎቹ ፓስወርድ አለባቸውና ቡድናቸው ፖስትፊክስ፣ ፈቃዳቸው 640 ይሁን።

ከዚያ በ«ፖስትኮንፍ -ኢ» ሦስቱን አገናኙ። ቨርቹዋል_ሜይልቦክስ_ዶሜይንስ ወደ ዶሜይኑ ፋይል፣ ቨርቹዋል_ሜይልቦክስ_ማፕስ ወደ ሣጥኑ፣ ቨርቹዋል_ኤሊያስ_ማፕስ ወደ ኤሊያሱ። በፋይሉ መንገድ ፊት «ማይኤስኪውኤል፡» ይቀድማል። ቨርቹዋል_ትራንስፖርትን ደግሞ፣ ሜይሉን ለዶቭኮት እንዲያስረክብ፣ «ኤልኤምቲፒ፡ዩኒክስ፡ፕራይቬት/ዶቭኮት-ኤልኤምቲፒ» በሉት።

አሁን ፈተናው፦ «ፖስትማፕ -ኪው»፣ ቀጥሎ የዶሜይኑ ስም፣ ቀጥሎ «ማይኤስኪውኤል፡» ከፋይሉ ሙሉ መንገድ ጋር። ዶሜይኑን መልሶ ከጻፈላችሁ ተሳክቷል። ዝም ካለ ኬሪው ላይ ስህተት አለ ወይም ዶሜይኑ አክቲቭ አይደለም። በሙከራ ሣጥኑ አድራሻም ሁለቱን ሌሎች ፈትኑ። የኤሊያሱ ፋይል አድራሻውን ወደ ራሱ ሲያመለክት ብታዩ አትደንግጡ። ፖስትፊክስአድሚን ለእያንዳንዱ ሣጥን ወደ ራሱ የሚጠቁም ኤሊያስ ይፈጥራል።

የ127.0.0.1 ነገር እዚህ ነው የሚመጣው። ሆስትስ ላይ ሎካልሆስት ብላችሁ ብትጽፉ ግንኙነቱ በሶኬት ፋይል ነው። ፖስትማፕን እናንተ ስትጠሩት ሶኬቱን ያገኘዋል፣ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ሜይል ሲመጣ ግን የሚያነቡት የፖስትፊክስ ክፍሎች በዴቢያንና በኡቡንቱ /ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ ውስጥ ታጥረው ነው የሚሠሩት። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሶኬት አያዩትም። እናም ፈተናው ያልፋል፣ ሎጉ ደግሞ «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ይላል። ሰው የሚያብደው እዚህ ነው። 127.0.0.1 ብላችሁ ስትጽፉ በኔትወርክ በኩል ይሄዳል፣ አጥሩ አያግደውም።

ዶቭኮት

መጀመሪያ ሜይሎቹ የሚቀመጡበትን ባለቤት ፍጠሩ፦ ቪሜይል የሚባል ቡድንና ተጠቃሚ፣ ቁጥራቸው 5000፣ ቤታቸው /ቫር/ቪሜይል።

ቀጥሎ በዶቭኮት ኮንፍ-ዲ ማውጫ ውስጥ። 10-ኦት ላይ የሲስተም ተጠቃሚዎችን የሚያመጣውን የኢንክሉድ መስመር በኮሜንት (ፊቱ # በማድረግ) ዝጉ፣ የኤስኪውኤሉን ክፈቱ። 10-ሜይል ላይ ሜይል_ሎኬሽንን «ሜይልዲር፡/ቫር/ቪሜይል/%ዲ/%ኤን» በሉት፤ መጀመሪያ የዶሜይን፣ ከውስጡ የሰው ማውጫ ማለት ነው። 10-ማስተር ላይ ሁለት ሶኬት በ/ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ/ፕራይቬት ሥር ክፈቱ፦ አንዱ ዶቭኮት-ኤልኤምቲፒ፣ አንዱ ኦት፤ የሁለቱም ባለቤት ፖስትፊክስ ይሁን። 10-ኤስኤስኤል ላይ የሌትስ ኤንክሪፕቱን ሰርተፊኬት አመልክቱ።

ኦት-ኤስኪውኤል ፋይሉ ውስጥ ዩዘርዲቢውን «ስታቲክ» አድርጉና ዩአይዲና ጂአይዲውን ቪሜይል፣ ሆሙን ከላይ ያልነውን መንገድ ስጡት። በመጨረሻም ዶቭኮት-ኤስኪውኤል ኮንፍ ኤክስት ላይ ድራይቨሩን፣ የግንኙነት መስመሩን፣ የፓስወርድ ስኪሙን ኤስኤችኤ512-ክሪፕት፣ እና ከሜይልቦክስ ሰንጠረዥ ዩዘርኔሙን «ዩዘር» በሚል ስም፣ ፓስወርዱን ከነአክቲቭ ማጣሪያው የሚያወጣ ኬሪ ጻፉ። እዚህ የተጠየቀው ስም የፐርሰንት ምልክትና ትንሿ ዩ ነው።

ዶቭኮትን ሪስታርት አድርጉና «ዶቭአድም ኦት ቴስት» ብላችሁ የሙከራውን አድራሻ ጨምሩ። ፓስወርድ ይጠይቃል። «ሰክሲድድ» ካለ ንባቡ ሠርቷል።

መላክ

ፖስትፊክስ ላይ ኤስኤምቲፒዲ_ሳስል_ታይፕን ዶቭኮት፣ መንገዱን ፕራይቬት/ኦት አድርጉ፤ የሰርተፊኬቱን መንገድም ስጡት። ማስተር ዶት ሲኤፍ ላይ «ሰብሚሽን» የሚለውን ክፍል ከኮሜንት አውጡ፣ መግባት ግዴታ እንዲሆን የሚያደርጉትን መስመሮች ጭምር። ይህ ፖርት 587 ነው። ፋየርዎሉ ላይ 25፣ 80፣ 443፣ 587ና 993 ይከፈቱ። 3306፣ የዳታቤዙ ፖርት፣ በፍጹም አይከፈት።

ከጂሜይል ወደ ሙከራው ሣጥን ላኩ። ሎጉን እያያችሁ ላኩ፦ ኡቡንቱ ላይ ሜይል ዶት ሎግን በ«ቴይል -ኤፍ»፣ ዴቢያን 12 ላይ «ጆርናልሲቲኤል -ኤፍ»። መጨረሻው ላይ «ስታተስ=ሴንት» ካያችሁ ደርሷል። ከዚያ ስልካችሁ ላይ አካውንቱን በ993 (ለመቀበያ) እና በ587 (ለመላኪያ) አስገቡና መልሱ።

መልሱ ስፓም ውስጥ ከገባ የጎደለው ምናልባት ኤስፒኤፍና ዲኪም ነው፤ ሁለቱም ሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ ዶሜይን መላኩን ለተቀባዩ ያረጋግጣሉ። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 የካቲት ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ላኪ ሁሉ ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃሉ። ኤስፒኤፍ አንድ የዲኤንኤስ መስመር ነው፦ «ቪ=ኤስፒኤፍ1 ኤምኤክስ -ኦል»። ለዲኪም ኦፕንዲኪምን ወይም አርስፓምዲን ጫኑ። እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

ለጸሐፊዋ ማስረከብ

ሱፐርአድሚኑን ለማንም አትስጡ። በአድሚን ዝርዝሩ ላይ አዲስ አድሚን ፍጠሩና የኮምቦልቻውን ዶሜይን ብቻ ስጡት። እሷ ሣጥን ትፈጥራለች፣ ፓስወርድ ትቀይራለች፣ ሌላ ዶሜይን ቢኖር አታየውም። ገጹ ለዓለም ክፍት ነውና ከፊቱ የአፓቼን ፓስወርድ ብትጨምሩበት አይከፋም።

ጸሐፊዋ ሥራውን ስትረከብ ትጠይቃችኋለች፤ ምን ማለት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

«ሰው ሲለቅ ልሰርዘው?»
«አይ እህቴ። አክቲቭ የሚለውን ምልክት አንሺው ብቻ፣ ከዚያ የአድራሻውን ኤሊያስ ወደ ተተኪው አዙሪና ኤሊያሱ አክቲቭ መሆኑን እዪ።»

ምልክቱ ሲነሳ መግባት ያቆማል፣ ያለው ሜይል ግን ይቆያል። መሰረዝ ደግሞ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ፖስትፊክስአድሚን ሣጥን ሲሰርዝ የሚጠፋው የዳታቤዙ ረድፍ ነው። የማጽጃ ስክሪፕት ካላዘጋጃችሁለት በስተቀር ቪሜይል ውስጥ ያለው ማውጫ እንዳለ ይቀመጣል። በኋላ በዚያው ስም ሌላ ሰው ቢቀጠር የቀድሞውን ሰው ሜይል ሁሉ ተቀብሎ ቁጭ ይላል።

ባክአፕ ሦስት ነገር ነው፦ የዳታቤዙ ደምፕ፣ ቪሜይል ማውጫው፣ እና ኢቲሲ ውስጥ ያሉት የፖስትፊክስ፣ የዶቭኮትና የአፓቼ ፋይሎች ከኮንፊግ ዶት ሎካል ጋር። በየሌሊቱ በክሮን አስወጡና በአርሲንክ ወደ ሌላ ማሽን ውሰዱት፤ ደሴ ቢሮ ያለችው ኮምፒውተርም ትሆናለች። አንድ ቀን ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ ጫኑትና እነዚያኑ የፖስትማፕና የዶቭአድም ፈተናዎች ድገሙበት።